ጾታዊ ጥቃት የደረሰባቸው ወንዶች፦ የሥነ ልቦና ሕክምናና የድጋፍ አሰጣጥ መረጃ

በአገራችን ስለ ጾታዊ ጥቃት የሚሰጠው ትምህርትና አገልግሎት በአመዛኙ ለሴቶችና ለልጃገረዶች ትኩረት የሚሰጥ ነው። ጥቃቱ በእነርሱ ላይ በስፋት የሚደርስ በመሆኑ ይህ ትኩረት ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ወንዶች ልጆችና አዋቂ ወንዶችም የዚሁ ወንጀል ተጎጂዎች ይሆናሉ። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት (ዩኒሴፍ) እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ይፋ ባደረገው ግምት መሠረት በዓለም ላይ ከ240 እስከ 310 ሚሊዮን የሚሆኑ ወንዶች፣ ማለትም ከ11 ወንዶች አንዱ ገደማ፣ በልጅነት ዘመናቸው የመደፈር ወይም ሌላ ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል።

ከእነዚህ ተጎጂዎች ብዙዎቹ የደረሰባቸውን ለማንም ሳይናገሩ ዓመታትን ያሳልፋሉ። ዝምታቸው ጉዳቱ ቀላል ለመሆኑ ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ ይልቁንም የሚያምናቸውና የሚረዳቸው ሰው የሚያገኙ ስለማይመስላቸው ነው።

ይህ ጽሑፍ ጥቃት የደረሰባቸው ወንዶች፣ ወላጆችና የትዳር አጋሮች እንዲሁም አገልግሎት ሰጪዎች ስለ ሕክምናው ሂደት፣ በሕክምናው ወቅት ስለሚያስፈልገው ድጋፍ፣ ስለ ሕጉ እና አገልግሎቱ ስለሚገኝባቸው ተቋማት ግንዛቤ እንዲኖራቸው የተዘጋጀ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ደጋግሞ የሚነሳ አንድ መርሕ አለ፦ በጥቃቱ ጊዜ ተጎጂው የተነጠቀው በገዛ አካሉ ላይ የመወሰን መብቱን ነው፤ ስለሆነም የሚሰጠው ድጋፍ ሁሉ ይህን መብት ለባለቤቱ የሚመልስ መሆን ይኖርበታል።

1. ወንዶች ጥቃቱን ለምን ይደብቃሉ?

በማኅበረሰባችን ወንድ ልጅ ጠንካራ፣ ራሱን የሚከላከልና ሕመሙን የሚችል ሆኖ እንዲያድግ ይጠበቃል። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚለው አባባል ከልጅነት ጀምሮ የሚሰማ ነው። በዚህ አስተሳሰብ ያደገ ሰው ጥቃት ሲደርስበት ራሱን የወንጀል ተጎጂ አድርጎ ከማየት ይልቅ «ወንድነቴን አጣሁ» ብሎ ሊያምን ይችላል።

ከዚህ በተጨማሪ የሚከተሉት ምክንያቶች ይጠቀሳሉ፦

• «ለምን አልታገልክም?» ተብሎ መወቀስን መፍራት፤
• ተጎጂ ሳይሆን ተባባሪ ተደርጎ የመታየት ወይም የመከሰስ ሥጋት፤
• ጥቃት አድራሹ ዘመድ፣ አሠሪ፣ መምህር ወይም በአካባቢው የተከበረ ሰው መሆኑ፤
• ጉዳዩ ከታወቀ ቤተሰብ ይዋረዳል የሚል ጭንቀት፤
• አገልግሎቱ ለሴቶች ብቻ የተቋቋመ መስሎ መታየቱ።

ከቤተሰብ ርቀው የሚማሩ ወይም የሚሠሩ፣ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚኖሩ፣ በጎዳና ላይ የሚያድሩና ሊስትሮ ወይም የታክሲ ረዳት ሆነው የሚተዳደሩ ልጆች ቅርብ ጠባቂ ስለሌላቸው ለጥቃቱ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። ለሚያድሩበት ቦታና ለዕለት ጉርሳቸው በጥቃት አድራሹ ላይ ጥገኛ ከሆኑ ደግሞ መናገር ይበልጥ ይከብዳቸዋል።

2. የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ወንድ አይደፈርም።» ጥቃት የሚፈጸመው በጉልበት ብቻ አይደለም። በማስፈራራት፣ በማታለል፣ በመጠጥ ወይም በመድኃኒት በማደንዘዝ፣ በዕድሜና በሥልጣን ብልጫ በመጠቀምም ይፈጸማል። ብርቱ ሰውም ቢሆን በድንገተኛ ፍርሃት አካሉ ሊደነዝዝና መንቀሳቀስ ሊያቅተው ይችላል። ይህ የሰው አካል ለአደጋ የሚሰጠው ተፈጥሯዊ ምላሽ ነው።

«አካሉ ምላሽ ከሰጠ ፈቅዷል ማለት ነው።» በጥቃት ጊዜ የብልት መቆም ወይም የዘር መፍሰስ ሊከሰት ይችላል። ይህ ከፈቃድ ውጪ የሚመጣ የነርቭ ምላሽ እንጂ የፍላጎት ምልክት አይደለም። ብዙ ወንዶችን ለረጅም ጊዜ በኀፍረት የሚያሠቃያቸው ይህ ጉዳይ በመሆኑ ተጎጂው እውነታውን በግልጽ ሊነገረው ይገባል።

«ጥቃቱ የወንዱን ጾታዊ ዝንባሌ ይለውጣል።» በሰው ላይ በግድ የተፈጸመ ድርጊት ስለ ተጎጂው ዝንባሌ የሚናገረው ነገር የለም። ድርጊቱ የጥቃት አድራሹ ወንጀል ነው።

«ጥቃት የደረሰበት ልጅ ሲያድግ እርሱም አጥቂ ይሆናል።» ከተጎጂዎቹ አብዛኞቹ በማንም ላይ ጥቃት አይፈጽሙም። ይህ አመለካከት ተጎጂው እንደ አደገኛ ሰው እንዲታይ፣ ራሱንም እንዲፈራና የገዛ ልጆቹን ለማቀፍ እንኳ እንዲሳቀቅ ያደርገዋል።

«ሴት በወንድ ላይ ጥቃት ልትፈጽም አትችልም።» ትችላለች፤ ሕጉም ይህን ድርጊት በወንጀል ይቀጣል። በዕድሜ የምትበልጥ ሴት በወንድ ልጅ ላይ የፈጸመችውን ድርጊት እንደ «ዕድል» ቆጥሮ መቀለድ ልጁን ለሁለተኛ ጊዜ መጉዳት ነው።

3. የጉዳቱ ምልክቶች

ጥቃት የደረሰባቸው ወንዶች ወደ ጤና ተቋም ሲመጡ ስለ ጥቃቱ የማይናገሩበት አጋጣሚ ብዙ ነው። የሚያመለክቱት ሌላ ችግር ይሆናል፦ እንቅልፍ ማጣት፣ ቅዠት፣ ራስ ምታት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የሆድ ወይም የፊንጢጣ ሕመም፣ የወሲብ ችግር፣ ቶሎ መቆጣት፣ ከሰው መሸሽ፣ መጠጥ ወይም ጫት ማብዛት። ሐዘንና ፍርሃት በወንዶች ላይ በቁጣ መልክ ሊገለጡ ስለሚችሉ ተጎጂው «ጠበኛ» ወይም «ሱሰኛ» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል።

በልጆች ላይ ደግሞ አልጋ ላይ መሽናት እንደገና መጀመር፣ የትምህርት ውጤት በድንገት መውረድ፣ አንድን ሰው ወይም ቦታ አጥብቆ መፍራት፣ ከዕድሜ ጋር የማይመጣጠን ወሲባዊ ንግግር ወይም ጨዋታ፣ ከቤት መጥፋት ይታያሉ። ከእነዚህ አንዱ መታየቱ ብቻውን ጥቃት ለመፈጸሙ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ነገር ግን በእርጋታ መጠየቅና ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል።

4. ጥቃቱ በቅርብ ቀናት የደረሰ ከሆነ

ተጎጂው ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። ኤች.አይ.ቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት ከጥቃቱ በኋላ በ72 ሰዓታት ውስጥ መጀመርና ለ28 ቀናት ሳይቋረጥ መወሰድ ይኖርበታል። መድኃኒቱ ቶሎ በተጀመረ መጠን የመከላከል ኃይሉ ይጨምራል። ሐኪሙ እንደ ሁኔታው የአባላዘር በሽታ ሕክምና፣ የሄፓታይተስ ቢ እና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ሊሰጥ፣ ቁስልንም ሊያክም ይችላል።

ማስረጃ እንዳይጠፋ ከምርመራው በፊት ገላን አለመታጠብ፣ በጥቃቱ ጊዜ የተለበሰውን ልብስ ሳያጥቡ በወረቀት ከረጢት መያዝ ይመከራል። የታጠበ ወይም 72 ሰዓት ያለፈው ሰውም ቢሆን ሕክምናና የሥነ ልቦና ድጋፍ ስለሚያስፈልገው «ጊዜው አልፏል» ብሎ መቅረት የለበትም።

ምርመራው ከመጀመሩ በፊት ባለሙያው የሚያደርገውን ነገር በቅደም ተከተል የማስረዳትና የተጎጂውን ፈቃድ የመጠየቅ ግዴታ አለበት። ተጎጂው ምርመራው እንዲቆም ሲጠይቅም ማቆም ይገባል።

5. የሥነ ልቦና ሕክምናው እንዴት ይካሄዳል?

የሥነ ልቦና ሕክምና ማለት ተጎጂው ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር በተወሰነ ቀንና ሰዓት እየተገናኘ ጉዳቱ በሐሳቡ፣ በስሜቱና በኑሮው ላይ ያሳደረውን ጫና ደረጃ በደረጃ የሚያቃልልበት ሂደት ነው። አሜሪካዊቷ የሥነ አእምሮ ሐኪም ጁዲት ኸርማን እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት መጽሐፍ የማገገሙን ሂደት በሦስት ምዕራፎች ከፍለው አስቀምጠዋል፤ ይህ አከፋፈል ዛሬም በሙያው ውስጥ በስፋት ያገለግላል።

የመጀመሪያው ምዕራፍ ደኅንነትን ማረጋገጥ ነው። ተጎጂው ከጥቃት አድራሹ መራቁ፣ የሚያድርበት ቦታ መኖሩ፣ ራሱን የመጉዳት ሐሳብ ያለው መሆን አለመሆኑ ይታያል። እንቅልፉን ለማስተካከልና ድንገተኛ ድንጋጤን ለማርገብ የሚረዱ የአተነፋፈስና የማረጋጊያ ልምምዶችም በዚህ ጊዜ ይማራል። ሁለተኛው ምዕራፍ የደረሰውን ማስታወስና ለጠፋው ነገር ማዘን ሲሆን፣ ሦስተኛው ከቤተሰብ፣ ከወዳጅና ከሥራ ጋር ያለውን ግንኙነት እንደገና መገንባት ነው።

ቅደም ተከተሉ ለተግባር ትልቅ ትርጉም አለው። ሰውየው ደኅንነት ሳይሰማው ሁሉንም ነገር በአንድ ቀን እንዲናገር መገፋት የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ድኅረ አደጋ ጭንቀት ለያዛቸው አዋቂዎች በጉዳቱ ላይ ያተኮረ የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና እንዲሁም በዓይን እንቅስቃሴ የሚታገዘውንና በአሕጽሮት ኢኤምዲአር የሚባለውን ሕክምና ይመክራል። በአንጻሩ ሰሞኑን ጉዳት የደረሰበት ሰው ለጭንቀቱ ወይም ለእንቅልፍ ማጣቱ ዳያዚፓምና መሰል ማስታገሻዎች እንዲሰጡት አይመክርም። ስለዚህ ከመድኃኒት መደብር በራስ ፈቃድ እንክብል ገዝቶ መውሰድ አደጋ አለው።

በሕክምናው መካከል ስሜቱ ለጊዜው የሚባባስበት ወቅት ሊኖር ይችላል። ይህ የሚጠበቅ ነው። ቀጠሮ ከማቋረጥ ይልቅ ሁኔታውን ለባለሙያው ነግሮ ፍጥነቱን ማስተካከል ይቻላል።

6. ተጎጂው በሕክምናው ላይ ያሉት ምርጫዎች

• ወንድ ወይም ሴት ባለሙያ እንዲመደብለት መጠየቅ፤ የጠየቀው ካልተገኘ ምክንያቱን ማወቅ፤
• ምን እንደሚናገር፣ መቼ እንደሚናገርና ምን ሳይናገር እንደሚቆይ ራሱ መወሰን፤
• አብሮት የሚገባ ሰው መምረጥ ወይም ብቻውን መግባት፤
• ስለ ሕክምናው ዓይነትና ስለሚወስደው ጊዜ ማብራሪያ ማግኘት፤
• ከባለሙያው ጋር ካልተግባባ ሌላ ባለሙያ እንዲቀየርለት መጠየቅ፤
• ምስጢሩ እንዲጠበቅለት፣ ምስጢር የማይጠበቅባቸውን ልዩ ሁኔታዎችም በመጀመሪያው ቀን እንዲነገረው ማድረግ። ለምሳሌ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከወደቀ ወይም ሕፃን በጥቃት ላይ ካለ ባለሙያው ለሚመለከተው አካል ሊያሳውቅ ይችላል።

7. ቤተሰብና ወዳጅ እንዴት ይርዱ?

ተጎጂው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚናገርበት ቅጽበት የቀጣዩን ሂደት አቅጣጫ ሊወስን ይችላል። በዚያን ጊዜ ከረጅም ምክር ይልቅ ጥቂት ቃላት ይበቃሉ፦ «አምንሃለሁ፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም፤ ስለነገርኸኝ አመሰግናለሁ፤ ምን እንዳደርግልህ ትፈልጋለህ?»

ሊወገዱ የሚገባቸው ንግግሮችም አሉ። «ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልክ?»፣ «እርግጠኛ ነህ?»፣ «እርሳው፣ ወንድ ነህ» የሚሉት ቃላት በቀና ልብ ቢነገሩም የተከፈተውን በር መልሰው ይዘጋሉ። «እገድለዋለሁ» ብሎ መነሳትም ተጎጂውን አይረዳውም፤ የራሱን ሕመም ትቶ የቤተሰቡን ቁጣ ለማብረድ እንዲጨነቅ ያደርገዋል፤ በቤተሰብ ላይም ሌላ ወንጀል ያመጣል።

በሕክምናው ወቅት ደጋፊው በቀጠሮ ቀን አብሮ መሄድ፣ የትራንስፖርት ወጪ መሸፈን፣ ወይም በዚያን ቀን የቤቱን ሥራ መረከብ ይችላል። ከባለሙያው ጋር ምን እንደተነጋገሩ ግን መጠየቅ አይገባውም። የትዳር አጋር ከሆነች፣ ባሏ ከመቀራረብ የሚሸሽበት ጊዜ ቢኖር ፍቅሩ እንደቀነሰ አድርጋ ባትወስደው መልካም ነው። ፍላጎቱን መጠየቅና ፈቃዱን መጠበቅ ለሁለቱም ይጠቅማል። ደጋፊዎችም ጫና ሲበዛባቸው ለራሳቸው የምክር አገልግሎት መጠየቅ ይችላሉ።

በሃይማኖት አባት መጽናናት፣ ጸሎትና ጠበል ለብዙ ሰዎች ኃይል ይሰጣሉ፤ ከሕክምናው ጎን ለጎንም ሊሄዱ ይችላሉ። ሆኖም የተጀመረ መድኃኒት፣ በተለይም የ28 ቀኑ የኤች.አይ.ቪ መከላከያ፣ በዚህ ምክንያት መቋረጥ የለበትም።

ተጎጂው «መኖር ሰለቸኝ» ካለ ወይም ራሱን የመጉዳት ምልክት ካሳየ፣ ራስን ስለ ማጥፋት ያስብ እንደሆነ በቀጥታ መጠየቅ ተገቢ ነው። መጠየቁ ሐሳቡን አያስገባበትም። ብቻውን አለመተው፣ መርዝ፣ መሣሪያና መድኃኒት ከአካባቢው ማራቅ፣ ወዲያውኑም ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መውሰድ ያስፈልጋል።

8. ተጎጂው ልጅ ከሆነ

ልጁን ደጋግሞ መጠየቅ ወይም ከጥቃት አድራሹ ጋር ፊት ለፊት አቅርቦ ማነጋገር ፈጽሞ አይገባም። የተናገረውን በራሱ ቃል መዝግቦ ወደ ባለሙያ ማቅረብ ይበቃል። ለትናንሽ ልጆች የሚሰጠው ሕክምና በጨዋታና በሥዕል የሚታገዝ ሲሆን ጥቃቱን ያልፈጸመው ወላጅ ወይም አሳዳጊ የሂደቱ አካል ይሆናል። ለልጁ ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ መንገር፣ በአቅሙ ምርጫ መስጠት፣ ወደ ትምህርቱና ወደ ጨዋታው ቶሎ እንዲመለስ ማገዝ ለማገገሙ ወሳኝ ነው።

ጉዳዩን በሽምግልና ወይም በካሳ ለመጨረስ የሚደረግ ሙከራ ልጁን ለተደጋጋሚ ጥቃት ያጋልጣል፤ ሌሎች ልጆችንም አደጋ ላይ ይጥላል። በሕፃናት ላይ የሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃት በቤተሰብ ስምምነት የሚቀር የግል ጉዳይ አይደለም።

9. ሕጉ ምን ይላል?

ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ ለወንድ ተጎጂዎች የሚከተለውን ጥበቃ ይሰጣል።

• አንቀጽ 631፦ አንድ ወንድ በወንድ ልጅ ላይ ለሚፈጽመው ጥቃት፣ ተጎጂው ከ13 እስከ 18 ዓመት ከሆነ ከ3 እስከ 15 ዓመት፣ ከ13 ዓመት በታች ከሆነ ደግሞ ከ15 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል።
• አንቀጽ 621፦ ሴት ወንድን አስገድዳ ከእርስዋ ጋር ግብረ ሥጋ እንዲፈጽም ማድረጓ እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል። አንቀጽ 626 እና 627 ደግሞ ሴት በወንድ ልጅ ላይ የምትፈጽመውን ድርጊት ይሸፍናሉ።
• አንቀጽ 630፦ በተመሳሳይ ጾታ ላይ የሚፈጸም ድርጊት በኃይል፣ በማስፈራራት ወይም በማታለል ሲሆን ቅጣቱን ያከብዳል።

አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ ሰዎች መካከል የሚፈጸመውን ድርጊት በወንጀል የሚቀጣ በመሆኑ፣ «ብናገር እኔም እከሰሳለሁ» ብለው የሚሰጉ ተጎጂዎች አሉ። በአንቀጽ 23 መሠረት ወንጀል ተፈጸመ የሚባለው ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮች ተሟልተው ሲገኙ ነው። ተገድዶ ጥቃት የተፈጸመበት ሰው የድርጊቱ ተጎጂ እንጂ ፈጻሚ አይደለም። ቃሉን የሚቀበል ባለሙያም ይህን ልዩነት ጠብቆ ሊያስተናግደው ይገባል።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 የእኩልነት፣ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበር መብትን ያረጋግጣል። አንቀጽ 20 የተከራካሪዎችን የግል ሕይወት ለመጠበቅ ሲባል ችሎት በዝግ ሊታይ እንደሚችል ይደነግጋል። ተጎጂው ወይም ጠበቃው ይህን ለፍርድ ቤቱ ማመልከት ይችላል። ክስ የማቅረቢያ የይርጋ ጊዜ እንደ ወንጀሉ ክብደት ስለሚለያይ፣ ከዓመታት በፊት የተፈጸመ ጥቃት ቢሆንም «ዘግይቷል» ብሎ ከመተው በፊት ዐቃቤ ሕግን ወይም የሕግ ባለሙያን መጠየቅ ይመከራል።

ሕክምና ለማግኘት ክስ መመሥረት ቅድመ ሁኔታ አይደለም። አዋቂ ተጎጂ ወደ ፖሊስ ለመሄድ ገና ያልወሰነ ቢሆንም እንኳ ሕክምናውን የማግኘት መብት አለው።

10. አገልግሎቱ የት ይገኛል?

• ጤና ጣቢያና ሆስፒታል፦ የመጀመሪያ ሕክምና፣ የኤች.አይ.ቪ መከላከያ መድኃኒት፣ የሕክምና ማስረጃና ወደ አእምሮ ጤና ክፍል የሚያገናኝ ሪፈር ይሰጣሉ።
• የተቀናጀ የአንድ ማዕከል አገልግሎት፦ ሕክምና፣ የሥነ ልቦና ምክር፣ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ በአንድ ቦታ የሚገኙበት ነው። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የሚገኘው ማዕከል ከእነዚህ አንዱ ነው። የማዕከላቱ ስያሜ «ሴቶችና ሕፃናት» ቢልም «ሕፃናት» የሚለው ወንዶች ልጆችንም ያካትታል።
• አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና የአእምሮ ጤና ክፍል ያላቸው ሌሎች ሆስፒታሎች፦ ጉዳቱ ሲከብድ፣ ወይም ሱስና ድባቴ ሲደረብበት የሥነ አእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ።
• ፖሊስ፦ በአቅራቢያ ባለው ጣቢያ ማመልከት ይቻላል፤ ለአስቸኳይ ጥሪ 991 ይደውሉ።
• የወረዳ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፦ መጠለያ፣ ማኅበራዊ ድጋፍና ወደ ሌሎች ተቋማት ማገናኘት በሚያስፈልግበት ጊዜ ያነጋግሩ።

ወደ ማንኛውም ተቋም ሲሄዱ በተራ መጠበቂያው ፊት ዝርዝር ጉዳይ መናገር አይጠበቅብዎትም። «በግል የማነጋግረው ባለሙያ እፈልጋለሁ» ማለት በቂ ነው። አንድ ሠራተኛ ቢያንቋሽሽዎ ወይም አገልግሎቱ ለወንድ አይሰጥም ቢልዎ የክፍሉን ኃላፊ ይጠይቁ፤ ቅሬታዎንም በተቋሙ የቅሬታ ሰሚ ክፍል ያስመዝግቡ። የአንድ ሰው መጥፎ አቀባበል ሕክምና የማግኘት መብትዎን አያስቀርም።

ማሳሰቢያ

ይህ መረጃ ጠቅላላ ግንዛቤ ለመስጠት የቀረበ ስለሆነ የሐኪምን ወይም የሕግ ባለሙያን ምክር አይተካም። ጥቃቱ ትናንት የተፈጸመ ሆነ ከሃያ ዓመት በፊት፣ ተጎጂው ሕፃን ሆነ አባወራ፣ እርዳታ መጠየቅ ይቻላል፤ ማገገምም ይቻላል። ጥቃት የደረሰበት ወንድ የሚያውቁ ከሆነም ለመናገር እንዲጣደፍ ሳያስገድዱት፣ ሲናገር የሚያምነው ሰው እንዳለ ከዛሬ ጀምሮ ያሳውቁት።